የበሩ ጀርባ

ኮተቤ ላይ፣ አስፋልቱ ደክሞት ከሚቆምበት፣
ጭቃው የሰው ጫማ አውልቆ ከሚያስቀርበት፣
አባቴ ሬዲዮ ነበረው።
ባትሪው ሲደክም እንደ ብቅል ፀሐይ ላይ ያሰጣዋል፤
ማታ፣ ጅብ ሲጮህ፣ ሩብ ሰዓት ያህል ነፍስ ይዘራል።

አሥር አለቃ ዘርጋው።
ከግራ እግሩ ሁለት ጣት ጎድሎታል፤
ኮሪያ ቀርተዋል፣ ከቁጥር በቀር ስም የሌለው ኮረብታ ላይ፣
በረዶ ቆርጥሟቸው።
ዜና አንባቢው «ቀዝቃዛው ጦርነት» ባለ ቁጥር
ካልሲውን አውልቆ እግሩን ያያል፤
«ይሄ ሰውዬ ቅዝቃዜውን ማን ነገረው?» ይላል።

መጀመሪያ «አማካሪዎች» ነበሩ፣ ቬትናም የሚባል አገር የገቡ።
አባቴ ሳቀ። «ምክርማ ደግ ነው።
እኛንም መክረውናል፣ በመትረየስ።»
ሚስማር ሰጠኝ፤ አራተኛ ክፍል ነበርኩ፤
«ጫሪ። ከበሩ ጀርባ፣ እናትሽ እንዳታይ።»
አሥራ ስድስት ሺህ።
ዓመት ሳይደፍን ሃያ ሦስት።
የካቲት ሲወጣ፣ ከባሕር የወረዱ ወታደሮች፤
«አየር ማረፊያ ሊጠብቁ ብቻ» አለ ሬዲዮው።
«እንግዲህ ዘበኛ ናቸዋ» አለ አባቴ፣
«ዘበኛ ጎጆ ይፈልጋል፣
ጎጆው አጥር ይፈልጋል፣
አጥሩ ሌላ ዘበኛ፣
ዘበኛውም ለሌሊት ጓደኛ…
ጫሪ፣ ከላይ ቦታ ተዪ።»

በጓሮ በኩል ሰርቪሷን የተከራየው ሚስተር ዌይን
የሰላም ጓድ ነበር፤ ሒሳብ ያስተምረናል።
አባቴን «አንቺ» ይለዋል፣ እኔን «አንተ»፤
«አሥር አለቃ፣ ደህና አደርሽ?»
አባቴም ሳያርመው፣ «ደህና፣ እግዜር ይመስገን»።
ስለ በሩ አልነገርነውም።
በእንግዳ ፊት የአገሩን ሰው መቁጠር ነውር መሰለን።

ሐምሌ።
ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ጠጠር ይደፋል።
ሬዲዮው «ከሰባ አምስት ሺህ ወደ…» ሲል
ዝናቡ ቁጥሩን ነጠቀው።
አባቴ ጆሮውን ከሬዲዮው ለጠፈ፣
እኔ ሚስማር እንደያዝኩ፣ እጄ አየር ላይ።
ያኔ ዌይን ገባ፣ ፀጉሩ ግንባሩ ላይ ተጣብቆ፣ የራሱን ሬዲዮ ሰምቶ።
ሚስማሩን አየ። በሩን አየ።
«መቶ ሃያ አምስት» አለ፣ ማንም ሳይጠይቀው።
ቆይቶ ደግሞ፣ «ወንድሜ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው»።

ማንም አልሳቀም።
አባቴ ሳጥኑን ከፈተ፤
ከኮሪያ የመጣ የሱፍ ካልሲ፣ ብል ያልነካው፤
«ላክለት» አለ፣ «እግሩን ይጠብቅ፣ ሌላው ይደርሳል»።
ዌይን ካልሲውን አገላበጠ።
«እዚያ በረዶ የለም፣ አባባ። ሙቀት ነው። ዝናብ ነው። እንዲህ፣ እንደዚህ።»

አባቴ ጣሪያውን አየ።
«እኛስ ሲበርደን፣ እነሱም ሲበርዳቸው፣ እናርፍ ነበር።
ይሄንን ታዲያ ምን ያስቆመዋል?»

በመስከረም በርጩማ ላይ ቆሜ ጫርኩ።
በታኅሣሥ እናቴ በሩን ዘግታ ዞር ስትል አየችው፤
ማንበብ አትችልም፣ ዜሮ ግን ታውቃለች።
«የማን ዕዳ ነው ይሄ ሁሉ?»
«ገና አልታወቀም» አላት።

ዌይን ጊዜውን ጨርሶ ሄደ፣ ካልሲውን ይዞ።
ስለ ወንድሙ አልጻፈም፤ ወይም ጽፎ አልደረሰም።

ከብዙ ክረምት በኋላ ሁሉም ሰው ጓድ ሆነ፤
ሰላም የሚለው ወድቆ፣ ጓድ ብቻ።
አባቴ ሜዳልያውን በዱቄት ወተት ጣሳ አድርጎ
ከባሕር ዛፉ ሥር ቀበረ።
የፈተሹን ልጆች ሳጥኑን ገለበጡ፣ አልጋውን አነሱ፣
በመጨረሻ በሩን ዘጉና ባትሪ አበሩበት።
«ይሄ ምንድነው?»
«የልጄ ሒሳብ።»
«ድምሩስ?»
«አስተማሪው ሄደባት።»
ትንሹ፣ ጺም ገና ያላበቀለው፣ ጭረቱን በጣቱ ተከተለ፣
ወደ ላይ፣ እጁ እስከማይደርስበት።

ከዚያ በሩን ከፍተው ወጡ፤
ቁጥሩም ወደ ግድግዳው ዞረ።